የቢያድግልኝ አሥር ጎራሽ

ተረትና ምሳሌ እንዲያው ከሰማይ ዱብ አይልም። መጀመሪያ አንድ ሰው በገዛ ፊቱ ይከፍልበታል፤ ከዚያ በኋላ ነው እኛ በነጻ የምንናገረው። አሁን የማወጋችሁን አባባል ሌላው አገር ከየት እንዳመጣው አላውቅም። ጠመንጃ ሳይፈጠርም ይባል ነበር የሚሉ አሉ፤ ይበሉ፣ አልከራከርም። በእኛ መንደር ግን አባባሉ ከቢያድግልኝ ግንባር ላይ እንደተገኘ ሕጻን ሳይቀር ያውቃል።

ቢያድግልኝ የአስናቁ ባል ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገሩን የሚያከፋውም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን አስናቁ ገና ድሮ ጥላው ሄዳ ተገላግላ ነበር። ማሽላቸውን የሚዘሩት ገደሉ አፋፍ ላይ ነው፤ ገደሉ ውስጥ ደግሞ ዝንጀሮ አለ። ዝንጀሮ እንደምታውቁት ሴት አይፈራም። ሴት ማማ ላይ ወጥታ ወንጭፍ ብትወረውር፣ ቆርቆሮ ብትደበድብ፣ እሱ እሸቱን እየፈለፈለ ጥርሱን ያሳያታል። የሚሸሸው ወንድ ብቅ ሲል ነው፤ ጠመንጃ ያነገተ ወንድ ካየማ ወንዙን ሳይሻገር ዞሮ አያይም።

ባለፈው ዓመት ቢያድግልኝ «መጣሁ» ብሎ ከማማው ወርዶ ገበያ ዋለ። ሲመለስ ከማሽላው ግማሹ አገዳ ብቻ ሆኖ ጠበቀው። ሰኔ ሳይጋመስ ጎተራቸው ተራቆተና አስናቁ ስልቻዋን ይዛ ታላቅ ወንድሟ አያ ደርሶ ቤት ሄደች። አያ ደርሶ እህል ሰፈሩላት። ሚስታቸው ግን ከጓዳ ብቅ ብለው፣ «ዝንጀሮዎቻችሁ እንዴት ከረሙ?» አሏት። በቃ፣ ሌላ ነገር አላሉም። ያቺ አንዲት ቃል ግን አስናቁ ጆሮ ውስጥ ገብታ አልወጣ አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ከእግዜር የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስልቻ ይዛ እዚያ ደጅ ዳግመኛ አለመቆም።

ጠመንጃውን ቢያድግልኝ ከአባቱ ነው የወረሰው። ፈቃድ ያለው፣ አንዴ ካቀባበሉት ቃታ በሳቡ ቁጥር ራሱ እየጎረሰ ራሱ የሚተፋ አሥር ጎራሽ። አባትየው ዕድሜ ልካቸውን በጠፍር አንግተው፣ በዘይት ጨርቅ እየወለወሉ ያዙት፤ አንድም ቀን አላሳፈራቸውም። ቢያድግልኝም እንደዚያው ቢይዘው ኖሮ እኔም ዛሬ የማወራው ባጣሁ ነበር።

ምን ያደርጋል፣ አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ የአንድ ባለጸጋ አጃቢ አየ። የሰውየው ጠመንጃ ከላይ መነጽር፣ ከሥር ሁለት እግር፣ ከጎን የማያውቀው ብዙ ነገር አለው። ቢያድግልኝ ቤቱ ገብቶ እህል አልበላም አለ። አስናቁ የታመመ መስሏት ግንባሩን ብትዳስስ፣ «የእኔ ጠመንጃ ራቁቱን ነው» አላት። ቀጥሎም ያ የፋብሪካ ስለሆነ ውድ ነው፣ እኔ ግን በርካሽ አስጌጠዋለሁ አለ። «በርካሽ» የምትባለው ቃል ያን ቀን እዚያ ቤት ገባች፤ ገብታም ስንቱን አስወጣች።

በማንገቻ ተጀመረ። የአባቱን ጠፍር ወዲያ ብሎ በቀይና በአረንጓዴ ክር የተጠለፈ ማንገቻ በሁለት እንቁላል ጣይ ዶሮ ለወጠ። ቀጥሎ ሰደፉ ላይ ዙሪያውን የነሐስ ምስማር አስመታ፤ ለዚያ ማር ሄደ። ከዚያ መነጽር መጣ። መነጽር ስል ሙሉ እንዳይመስላችሁ፣ ባለ ሁለት ዓይኑ ለሁለት ተሰብሮ ግማሹ ነው። አስናቁ ያሳደገችው ሙክት በግማሽ መነጽር ተለወጠ። የመኪና ካላማዳሪ ቆርጦ፣ በሽቦ ጠፍሮ ከጠመንጃው ጀርባ ላይ አሰረው። መነጽሩ ተንቀጠቀጠ። እንዳይንቀጠቀጥ ጠመንጃው እግር ያስፈልገዋል አለና የገዛ አልጋቸውን ብረት ነቅሎ ሁለት እግር አሠራለት። አስናቁ ከዚያ ወዲህ የምትተኛው በድንጋይ የተደገፈ አልጋ ላይ ነው። እግሩ ሲገጠም ጠመንጃው ከበደ፤ ሲከብድ ባለ ጥልፉ ማንገቻ ተበጠሰ፤ ሲበጠስ ወፍራም ማንገቻ ተፈለገ። አንዱ ርካሽ ሌላውን ርካሽ እየጠራ እንዲህ ሆነ ኑሯቸው።

በዚህም አልበቃ። አሥር ጥይት አነሰኝ ብሎ ቆርቆሮ ቀጥቃጩን ከዘይት ጣሳ ሃያ የሚጎርስ ካዝና አሠራ። ከአፈሙዙም ሥር የእጅ ባትሪ አሰረ። አስናቁ ይሄኔ አልቻለችም፣ ዝንጀሮ እኮ የሚመጣው በቀን ነው አለችው። ለድንገቱ ነው አላት። ባትሪው ድንጋይ የለውም፤ ድንጋዩ ውድ ስለሆነ በኋላ ይገዛል። እቴ፣ ከዚህ ሰው ጋር ምን ብላ ትነጋገር? ማሽላው ግን ነገሯን ሳይጠብቅ እያፈራ፣ እያጎነበሰ ሄደ። በየቀኑ ማማ ላይ የምትውለው እሷ ናት፤ ቢያድግልኝ ጥላ ሥር ሽቦ ያጠብቃል።

ትዕግሥቷ ያለቀው ሞረድ የያዘ ዕለት ነው። ከአፈሙዙ ጫፍ ላይ የቆመችውን ማነጣጠሪያ፣ ያቺን የስንዴ ፍሬ የምታህል ብረት፣ መነጽሬን ጋረደችኝ ብሎ ሞርዶ ጣላት። አስናቁ ነጠላዋን አጣፍታ በቀጥታ ወንድሟ ጋ ሄደች። እህል ልትለምን አልነበረም፤ ሰው ልትለምን ነው። አያ ደርሶ በወጣትነታቸው አዳኝ ነበሩ፤ ጠመንጃ ያውቃሉ። መጡና ጠመንጃውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ክብደቱን ለመቻል መቀመጥ ነበረባቸው።

«ማነጣጠሪያው የት ሄደ?» አሉ።

«ሞረድኩት፣ አያ። መነጽር እያለ ምን ይሠራል?»

«መነጽሩ ቢወልቅስ?»

«በሽቦ ነው እኮ ያሰርኩት።»

አያ ደርሶ ሽቦውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ለመሆኑ ስንት ጊዜ ተኩሰህበታል?»

«ኸረ አያ፣ ጥይት በዚህ ዘመን ይባክናል እንዴ? አንቱም ያውቃሉ፣ አንዷን እንኳ ማግኘት መከራ ነው» አለ ቢያድግልኝ፣ በቁጠባው እየኮራ።

ዶሮዎቹ፣ ማሩ፣ ሙክቱ፣ የአልጋው ብረት ሳይባክን ጥይቷ ትባክናለች። አያ ደርሶ እህታቸውን አዩ፤ አስናቁ መሬት መሬት አየች።

በእኛ መንደር በኅዳር ሚካኤል ማግስት ዝንጀሮ ይነዳል። አገሩ ሁሉ ከወንዙ ተነሥቶ፣ ተሰልፎ፣ ቆርቆሮ እየመታ መንጋውን ሽቅብ ያባርረዋል። የመንጋው ማምለጫ በቋጥኞች መሃል ያለ አንድ ጠባብ በር ነው፤ በሩ ላይ ባለ ጠመንጃ ይጠብቃል። አውራው ከወደቀ መንጋው እህሉ እስኪሰበሰብ አይመለስም። ያ በር የሚያወጣው እነ አስናቁ እርሻ ላይ ነው። እንግዲህ ተኳሹ ከሳተ የማን ማሽላ እንደሚረገጥ ልብ በሉ።

አያ ደርሶ ነገሩን በዘዴ ሊያበርዱት ሞከሩ። የዘንድሮን እኔ በአሮጌዋ ጠመንጃዬ ልቁምበት፣ አንተ ከነጂዎቹ ጋር ሁን አሉት። ቢያድግልኝ ፊቱ ተለዋወጠ። በገዛ እርሻዬ ሌላ ወንድ ሊቆምልኝ፣ የአባቴ ልጅ አይደለሁም እንዴ አለ። ወንድን በእርሻው ላይ ማን ይከለክላል። ስለዚህ እሱ ሊቆም ተስማሙ።

በሚካኤል ማግስት ፀሐይ ሞቅ ሲል አስናቁ ከማማው ሥር ቆማ ባሏ ያን ሁሉ ኮተት ተሸክሞ መሰላሉን ሲወጣ አየችው። ካፖርቱና ባርኔጣው አላላውስ ቢሉት አውልቆ መሰላሉ ላይ ሰቀላቸው። ለመጨረሻ ጊዜ ለመነችው።

«ያን ሁሉ ፍታውና እንደ አባትህ ያዘው። አንድ ቀን፣ ለዛሬ ብቻ።»

«ስንት የለፋሁበትን?» አላት፣ ከልቡ አዝኖ።

ወንጭፏን ይዛ ወደ እርሻው ጫፍ ሄደች። ጆሮዋ ግን ያችን የሰኔ ቃል መስማት ጀምሯል።

ከወንዙ የቆርቆሮው ጩኸት መጣ፤ ቀጥሎ አቧራው፣ ቀጥሎ ዝንጀሮው። አውራው ጎፈሩን ነስንሶ ከፊት ከፊት እየሄደ በሩ ላይ ደረሰና ቆመ። ከማማው ሃምሳ ክንድ አይሆንም፤ ድንጋይ የሚወረውር ልጅ አይስተውም። ቢያድግልኝ የጠመንጃውን እግር ዘርግቶ፣ ዓይኑን መነጽሩ ላይ ለጥፎ ቃታውን ሳበ።

ጠመንጃ ሲተኮስ ይራገጣል። ይህን ለማወቅ አንድ ጥይት ይበቃ ነበር። ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲራገጥ ሽቦው ላላ፣ መነጽሩም ተንሸራትቶ መጥቶ የቢያድግልኝን ፊት ከግንባሩ እስከ አፍንጫው ጫፍ ድረስ ልጦት በትከሻው ላይ አልፎ ወደቀ። ጥይቱ ቋጥኝ መታ። በዚያው ቅጽበት የጣሳው ካዝና ሆዱ ተከፈተና ጥይቱ ሁሉ እንደ ሽምብራ ከማማው ሥር ተበተነ። የቀረችው ቀድማ የተጎረሰችው አንዲት ጥይት ናት። ቢያድግልኝ ደሙን እየጠረገ ሊያነጣጥር አፈሙዙን ቢያይ የሚያነጣጥርበት ነገር የለም፤ በገዛ እጁ ሞርዶ ጥሎታል። እንዲያው በግምት ተኮሰ። ሰማዩን አልሳተውም።

አውራው ዝንጀሮ ቀና ብሎ ቢያድግልኝን አየው፤ እሱ እንኳ የገረመው ይመስላል። ከዚያ መንጋውን አስከትሎ ማሽላው ውስጥ ገባ። ከኋላ ነጂው እየጮኸ ይገፋዋል፣ ከፊት የሚከለክለው የለም። አስናቁ ወንጭፏን ወነጨፈች፤ አንዷ እናት ዝንጀሮ ልጇን እንዳዘለች ዞራ አይታት እሸቷን መሸልቀቅ ቀጠለች። የዓመት እንጀራቸው ዓይኗ እያየ እየተሸለቀቀ ነው። ያኔ አስናቁን ንዴት ያዛት፤ በዝንጀሮው አልነበረም። ሮጣ መሰላሉ ላይ የተሰቀለውን ካፖርት ለበሰች፣ ባርኔጣውን እስከ ዓይኗ ደፋች፣ ማማው ላይ ወጥታ ከባሏ እጅ ጠመንጃውን ነጥቃ ወርዳ ማሽላው ውስጥ ገባች።

ስትሮጥ መጀመሪያ አንደኛው እግር ወለቀ፣ ከዚያ ሁለተኛው። ባትሪው አገዳ ውስጥ ቀረ። ወፍራሙ ማንገቻ ቁጥቋጦ ይዞት ከነማሰሪያው ተገነጠለ፣ የነሐሱም ምስማር በየድንጋዩ እየተፋቀ ረገፈ። መንጋው መሃል ስትደርስ የያዘችው የአባቱን ጠመንጃ ነው፤ ባዶውን፣ ጥይት እንኳ የለውም። ግን ካፖርት ለብሶ፣ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ጠመንጃ ቀስሮ የሚመጣ ወንድ ዝንጀሮ ያውቃል። አውራው አንዴ ጮኸ። መንጋው ያፈሰውን እየጣለ ገደሉን ቁልቁል ወረደው።

ነጂዎቹ ደርሰው ሲሰበሰቡ ቢያድግልኝ ከማማው ሥር ተቀምጦ ጥይቱን እየለቀመ ነበር። ፊቱ የተላጠ ድንች መስሏል። አስናቁ ባርኔጣውን አውልቃ ማሽላውን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ከሦስት እጁ አንዱ ሄዷል። የቀረው እስከ ግንቦት ያደርሳል፤ ሰኔን አያሻግርም። ስትጸልይበት የከረመችው ወር ያው ሰኔ ነበር።

ባሏ አጠገብ ሄዳ ቆመች። ትጮኻለች ብሎ ሰው ሁሉ ጠበቀ፤ ድምጿ ግን ዝቅ ያለ ነበር። «ሰኔ ሲገባ ስልቻውን አንተ ነህ የምትይዝ» አለችው። «ዝንጀሮዎቻችሁ እንዴት ከረሙ ስትባልም የምትመልስ አንተ ነህ።»

ቢያድግልኝ ቀና ሳይል ራሱን ነቀነቀ። ደሙ ጥይቱ ላይ ይንጠባጠባል።

ከነጂዎቹ መሃል አንድም የሳቀ የለም፤ እያንዳንዱ በየቤቱ የሰቀለውን ጠመንጃ ሳያስብ አልቀረም። አያ ደርሶ ሰው ከፍለው መጡና ጠመንጃውን ከእህታቸው እጅ ተቀበሉ። የተፋቀውን ሰደፍ በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ቀጥለው የቢያድግልኝን ፊት ከግንባር እስከ አፍንጫ አስተውለው አዩት፣ እንደገናም ወደ ሰደፉ ተመለሱ፤ ከዚያ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አስቀመጡለትና፣ «አይ ቢያድግልኝ፣» አሉ፣ «ሲያጌጡ ይመላለጡ።»