አንድ እርምጃ ያልሄደችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ዘጠኝ ጫካዎች ተስማምተው በአንድ ሕግ ሲተዳደሩ፣ በገበያቸው መሀል አንድ ኤቲኤም አቆሙ። ዘጠኙም ጫካ ያጠራቀመው ገንዘብ በዚያ የብረት ሣጥን ውስጥ ነበር። ካርድ ያለው ካርዱን አስገብቶ የድርሻውን ያወጣል፤ የሌለው ቆሞ ያያል። ጅብም ካርድ ተሰጥቶት ነበር፤ ግን በተሰጠው ቀን በላው።

በዚያ ገበያ ዕቃ የምታመላልስ አንዲት አህያ ነበረች። ዝምተኛ ስለሆነች ከሰላምታ በቀር ድምፅዋን የሰማ የለም። አንድ የማትለውጠው ደንብ ግን ነበራት። የዕቃው ባለቤት መጥቶ እጁን ካላሳረፈበት በቀር ጭነት ይዛ አትነሳም። ባለቤቱ እስኪመጣ ፀሐይ ላይ ተገትራ ትቆማለች። አላፊ አግዳሚው «ደነዝ» እያለ ይስቅባታል፤ እሷ እናቷ ያወረሰቻትን ባለ ዘለበት የጠፍር መጎተቻ አንገቷ ላይ እንዳደረገች መንገድ መንገዱን ታያለች።

አንድ ቀን አሮጊቷ ዝሆን ሞተችና አገሩ ሁሉ ወደ ቀብር ሄደ። አህያ የእድሩን ድንኳን አድርሳ ብቻዋን ስትመለስ፣ ቀበሮና ጅብ ጭር ባለው ገበያ ጠበቋት። ቀበሮ በለሰለሰ አንደበት ማሽኑ መበላሸቱን፣ ለጥገና ይወሰድ መባሉንም ነገራት። ነግሮ ሳይጨርስ ጅብ ጠፍሯን ከማሽኑ ጋር አሰረው።

«በይ እህቴ፣ ሳብ አድርጊው» አላት ቀበሮ።

«ባለቤቱ የታለ፣ ጋሼ ቀበሮ?»

«ቀብር ላይ ነው።»

«እንግዲያው እስኪመለስ እንጠብቀዋለን» አለችና አራቱንም ሰኮናዋን መሬት ውስጥ ተከለች።

ጅብ ጠጋ ብሎ ጭኗን አሸተተ። «ከጎተትሽ ሠራተኛ ነሽ፤ ካልጎተትሽ ምሳ ነሽ» አላት።

አህያ ሰኮናዋን አልነቀለችም። ቀበሮ ለመናት፣ ገፋት፣ በዱላም መታት። ጅብ ሊነክሳት ሲል ደግሞ፣ እሷን ከበላህ ማሽኑን ማን ሊጎትትልን ነው ብሎ ከለከለው። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። የጅብ ሆድ ይጮህ ጀመር፤ ጠፍሩ ደግሞ አፍንጫው ሥር ነበር። መጀመሪያ አሸተተው፤ ቀጥሎ ላሰው። ቀበሮ መለስ ብሎ ሲያይ ጠፍሩ ከነዘለበቱ የለም።

ያን ጊዜ አህያ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ አናፋች። ድምፅዋ ተራራውን ተሻግሮ ቀብሩ ድረስ ተሰማ። ቀበሮና ጅብ በተበላው ጠፍር ሲጨቃጨቁ ለቀስተኛው ሮጦ መጣና ሦስቱንም ከማሽኑ አጠገብ ያዛቸው።

ነገሩ በመንደር ሽማግሌ አልታየም። ገንዘቡ የዘጠኙም ጫካ ስለሆነ ክሱ አንበሳ ወደሚያስችልበት ወደ ፌዴራሉ ፍርድ ቤት ወጣ። ዐቃቤ ሕጉ ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ካባውን እንደለበሰ ተከሳሾቹን ጠራ፤ አንደኛ ጅብ፣ ሁለተኛ ቀበሮ፣ ጠፍሩ የእሷ ነበርና ሦስተኛ አህያ። አህያ አንገቷን ደፋች። ሌባ ከተባለች ከእንግዲህ ጭነቱን አምኖ የሚሰጣት እንደማይኖር ታውቃለች።

ቀበሮ ቀድሞ ተናገረ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ማሽኑ ያው ከቦታው አለ። ታዲያ ምን ተሰረቀ? ደግሞም ሐሳቡ የእሷ ነው። የበሰበሰ ጠፍሯ ተበጠሰባት እንጂ ይዛው ትሄድ ነበር።»

ይህ ለጅብ ከበደው። «ኧረ አያ ቀበሮ፣ አልበሰበሰም» አለ። «እንደዚያ ያለ ለስላሳ ጠፍር በልቼ አላውቅም።»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ጅብም ሲስቁ አይቶ አብሮ ሲስቅ ትን አለው፤ ዘለበቱ ከጉሮሮው ወጥቶ አንበሳው እግር ሥር ወደቀ።

ጉሬዛ ወደ አህያ ዞረ። «አንቺስ ያን ያህል ሰዓት ከጅብ ጋር ምን አቆመሽ?»

አገሩ ሁሉ ጆሮውን ጣለ። አህያም አንገቷን ቀና አደረገች። «ባለቤቱን እየጠበቅሁ ነበር፣ ጌታዬ። ዱካዬን እዩት። ማሽኑን ይዤ አንድ እርምጃ ሄጄ ከሆነ ፍረዱብኝ።»

ዳኛውም ዐቃቤ ሕጉም ወደ ገበያው ወረዱ። በማሽኑ ፊት እስከ ቁርጭምጭሚት የጠለቁ አራት ጉድጓዶች አገኙ። ከአራቱ ወደፊት፣ ማሽኑ ሊጎተት በነበረበት አቅጣጫ፣ አንድም የሰኮና ዱካ አልነበረም።

አንበሳ ተመልሶ ፍርዱን ሰጠ። «ስርቆት ስላልተሳካ አልተሞከረም አይባልም» አለ። ጅብ ምሳ አለመብላቱ ቅጣት እንዲያቀልለት ለመነ። አንበሳ ይህን አልተቀበለውም፤ ሳይጠየቅ እውነቱን ስለተናገረ ግን ሊፈርድበት ካሰበው አምስት ዓመት አንዱን ቀነሰለት። ሐሳቡን ያመነጨው ቀበሮ ሰባት ዓመት ተፈረደበት። አህያ በነጻ ተሰናበተች፤ ዘለበቷም ታጥቦ ተመለሰላት። ዘጠኙ ጫካዎች አዋጥተው አዲስ ጠፍር አሠሩላትና የእናቷን ዘለበት አሰፉበት።

በሳምንቱ የፍርድ ቤቱን መዝገቦች እንድታጓጉዝ ተጠራች። ጭነቱ ታሰረ፤ ጸሐፊዎቹ «ሂጂ» አሏት። አህያ ተገትራ ቆመች። ያን ቀን የሳቀባት አልነበረም። አንበሳ ራሱ ከወንበሩ ተነሥቶ ወረደና መዳፉን በጭነቱ ላይ አሳረፈ። እሷም ጆሮዎቿን አቁማ በገበያው መሀል ተራመደች።

ከዚህ የምንማረው፣ እየተሳቀብንም ቢሆን የያዝነውን ቀና ልማድ በጭንቅ ቀን ካልለቀቅን፣ በፍርድ ቀን አንገታችንን ቀና አድርገን እንደምንቆም ነው።