ሰንሰለቱን የያዘችው

አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር፤ ስሙ ይርጋ ይባላል። ይህ ሰው የሞተ ጨዋታ ለማስነሳት ሦስት ዓመት ሙሉ ለፋ። አዎ፣ ጨዋታ ነው ያልኩት። ስትሰሙት ይቀልባችሁ ይሆናል፤ እኔም መጀመሪያ የሰማሁ ቀን «ሥራ የፈታ!» ብዬ ስቄበታለሁ። ያፈርኩት ቆይቼ ነው።

ጨዋታው «ሰማያዊ አምባ» ይባል ነበር። ብዙ ሰው በየኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ በአንድ ዓለም ውስጥ የሚገናኝበት፣ አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ ቀስተኛ፣ አንዱ ፈዋሽ ሆኖ አብሮ የሚዘምትበት የኢንተርኔት ጨዋታ ነው። የሠሩት የዩኒቨርሲቲ ልጆች ነበሩ። በከተማችን አንድ ኢንተርኔት ቤት ነበረ፤ ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ እዚያ እየሄድን ለስድስት ዓመት ተጫወትን። «ተጫወትን» ያልኩት ወድጄ አይደለም። ከተጫዋቾቹ አንዱ እኔ ነኝ፣ ምን ልደብቃችሁ። ይርጋም አንዱ ነው። አለቃችን ፍሬሰንበት የሚባል ልጅ ነበር፤ ሲያዝዘን ድምፁ ከጎረቤቱ ወፍጮ ቤት ይበልጥ ነበር።

የጨዋታው ዋና ነገር አምባው ላይ መውጣት ነው። የአምባው በር ድንጋይ ሲሆን የሚከፈተው በሰንሰለት ነው። ሕጉ ደግሞ ጥብቅ ነበር። አሥራ ሁለት ሰው ካልተሟላ በሩ ንቅንቅ አይልም። ሲሟላ አንዱ ውጭ ቀርቶ ሰንሰለቱን ይይዛል፣ አሥራ አንዱ ይገባሉ። ያዡ ከለቀቀ በሩ ይዘጋና ውስጥ ያሉት ሁሉ ያልቃሉ። ውስጡ ግን፣ ወይ ውስጡ! ዘንዶውን አሸንፋችሁ ካለፋችሁ በኋላ አናቱ ላይ አንድ ምንጭ አለ። ምንጩ ዳር ቆማችሁ ያን ሁሉ አገር ቁልቁል ታዩታላችሁ። መጀመሪያ እዚያ የደረስን ቀን ወንበር ላይ ወጥተን ጨፍረናል። ከዚያ በኋላም በየሳምንቱ እየወጣን በየሳምንቱ ጨፍረናል።

ከዚያ አደግን። አንዱ አገባ፣ አንዱ ውጭ ሄደ፣ አንዱ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ሚኒባስ ላይ ወጣ። ጨዋታውን የሠሩት ልጆችም ተበታተኑና ጨዋታው ያለበት ኮምፒውተር ጠፋ፤ ሰማያዊ አምባም አብሮ ጠፋ። ማንም አላለቀሰለትም። ይርጋ ብቻ ከስንት ዓመት በኋላ ከሠሪዎቹ አንዱን አፈላልጎ አገኘውና «ፍቀድልኝ፣ ላስነሳው» አለው። ሰውዬው ከመሳቢያው አንድ አሮጌ ዲስክ አውጥቶ «ውሰደው። መጣል አቅቶኝ ነው ያስቀመጥኩት፤ እግዜር ይስጥህ» ብሎ ሰጠው።

ይርጋም ቅዳሜና እሁዱን እየሠዋ ጠገነው። ስህተቱ እዚህ ላይ ነበር። ለድሮው ክብር ብሎ አንዲት ጠጠር ሳያነቃንቅ፣ ሕጉንም ሳይነካ፣ ልክ እንደነበረው አቆመው። በቴሌግራም ግሩፓችን ሲያበስረን «አንበሳው!» ያላለ የለም። ቅዳሜ እንገናኝ ተባባልን፣ ተማማልን። ቅዳሜ ሲደርስ አራት ሰው መጣ። አንዱ ሰርግ ነበረበት፣ አንዱ ለቅሶ፣ አንዱ የሌሊት ተረኛ ሆኖ ተኝቷል። እኔ ልጄን ለክትባት ይዤ ሄጃለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አምስት፣ ከዚያ ሦስት። አሥራ ሁለት ሞልቶን አያውቅም። የመጣው ሰው ብቻውን እስከ በሩ ይወጣል፣ ትንሽ ይቆማል፣ ይሄዳል። ይርጋ ተስፋ ቆረጠና «በወሩ መጨረሻ እዘጋዋለሁ» ብሎ ጻፈልን። እኛም፣ አፈር ይብላንና፣ የሚያለቅስ ምስል ላክንለትና ወደ ሥራችን ተመለስን።

ከመዝጋቱ በፊት ግን ይርጋ ማን መቼ እንደገባ የሚያሳየውን መዝገብ ከፍቶ አየ። አንድ ስም ደጋግሞ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ይገባል፤ ቀጥ ብሎ ወደ አምባው በር ይወጣል፤ ሃያ ደቂቃ እዚያ ቆሞ ይወጣል። አርባ ሦስት ቀን እንዲሁ ነው። ስሙ «ቆይመጣሁ» ይላል።

ይርጋ ስሙን እንዳየ ማን እንደሆነች ገባው። ስመኝ ናት። ስመኝ የዚያ ኢንተርኔት ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ከእኛ በጥቂት ዓመት ትበልጣለች። ደንበኛ «ፕሪንት!» ብሎ በጮኸ ቁጥር «ቆይ መጣሁ!» እያለች ስለምትሮጥ እኛ በዚያ እንጠራት ነበር፣ እሷም ሳቀችና የጨዋታ ስሟ አደረገችው። አሥራ አንድ ስለነበርን እሷን አሥራ ሁለተኛ አድርገን ያስገባናት እኛው ነን።

ይርጋ ጠይቆ አፈላልጎ አገኛት። አሁን ከክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት የራሷን ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍታለች። ሁለት ልጆች አሏት። በምሳ ሰዓት ሲደርስ በአንድ እጇ ሳምቡሳ ይዛ ኮምፒውተሯ ላይ አፍጣለች።

«አንተ ይርጋ! በሞትኩት! እንዴት አገኘኸኝ?» ብላ ተነስታ ሳመችው።

«በሩ ላይ አገኘሁሽ» አላት። «ስመኝ፣ በየቀኑ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ምሳዬን በልቼ ሃያ ደቂቃ ይተርፈኛል። ምናልባት ሰው ከመጣ ብዬ ነው። አሥራ አንድ ሰው በምሳ ሰዓት ከየት ይመጣል? ግን እንዲያው፣ አንድ ቀን ውስጡን ባየው ደስ ይለኛል።»

ይርጋ የቀለደችበት መሰለው። «ውስጡን? ስድስት ዓመት አብረን ወጥተን?»

«እናንተ ናችሁ የወጣችሁት» አለች ስመኝ። ቅሬታ የለባትም፣ እንዲያውም እየሳቀች ነው። «እኔ ሰንሰለት ነበር የምይዘው። ደንበኛ ሲመጣ ስቴፕለሩን የኪቦርዱ ቁልፍ ላይ አስቀምጥና ኮፒ አነሳ ነበር፣ እንዳይለቅ ብዬ። መብራት ሲጠፋማ ባትሪው አምስት ደቂቃ ነው የሚቆየው፤ ጄኔሬተሩ ጋ የምሮጠው እናንተ እንዳታልቁብኝ ነበር። ስትጮኹና ስትጨፍሩ እየሰማሁ ውስጡ ምን ቢሆን ነው እል ነበር።»

«ምነው ታዲያ አንድ ቀን ሌላ ሰው ይያዝ አላልሽም?»

«ማን ይያዘው?» አለች። ከልቧ ነው የጠየቀችው። ይርጋ ጨዋታውን በወሩ መጨረሻ ሊዘጋው እንደሆነ ሊነግራት አልቻለም። ወጥቶ እስኪሄድ ድረስ ቀና ብሎ አላያትም።

በማግስቱ ፍሬሰንበትንና እኔን ጭማቂ ቤት ጠራን። ፍሬሰንበት አሁን ምክትል ርዕሰ መምህር ነው፤ ድምፁ ግን ያው ነው። ይርጋ ሐሳቡን ነገረን፦ ብቻውን የመጣ ሰው ጨዋታው ራሱ የሚሰጠውን አጃቢ አስከትሎ ይገባል፤ ሰው ከሌለ ሰንሰለቱንም አጃቢ ይይዝለታል፤ ሥራ ያለበት ካቆመበት ይቀጥላል።

ፍሬሰንበት ጠረጴዛውን መታ። «ኧረ በስመ አብ! ብቻውን የገባ ሰው ክብሩ ምኑ ላይ ነው? እኛ ደማችንን አፍስሰን የገባንበትን በር?»

ደም? እኔ የማስታውሰው ኪቦርዱ ላይ የፈሰሰ ሚሪንዳ ነው። ይህን ብለው ኖሮ ስኳር የበዛበት ስፕሪሱን ይደፋብኝ ነበር።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው የሚባለው» ቀጠለ ፍሬሰንበት። «ኅብረቱን ካወጣህበት ምን ቀረው?»

«ልክ ነህ፣ ድሩስ አብሮ ነበር» አለ ይርጋ። «የድሩን ጫፍ ውጭ ቆሞ የያዘልን ማን ነበር?»

«ማን ነበር? በተራ አልነበረም እንዴ?»

«አንተ ስንት ጊዜ ያዝክ?»

ፍሬሰንበት ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ደግሞ ብርጭቆዬን አየሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ማናችንም አንድ ቀን አልያዝንም። ይርጋ ስለ ስመኝ፣ ስለ ስቴፕለሩ፣ ስለ አርባ ሦስቱ ቀን ነገረን። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይባላል፤ እኛ ጠጠሩንም አልመለስንም። ያ ወፍጮ ያክል ድምፅ የነበረው ሰው በቀስታ «በል ሥራው» አለ። ቀጥሎም «የምትገባ ቀን ሰንሰለቱን አጃቢ አይያዘው። እኔ ነኝ የምይዝላት» አለ።

ይርጋ መዝጋቱን ትቶ ሁለት ወር ሠራ። አንድ ሰኞ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ስመኝ እንደ ልማዷ ወደ በሩ ወጣች። አሥር አጃቢዎች ተሰልፈው ጠበቋት። ፍሬሰንበት ቢሮውን ዘግቶ ሰንሰለቱን ጎትቶ ይዟል። ይርጋ ከመሥሪያ ቤቱ ሆኖ ያያል፤ እኔም ሥራዬን ትቼ ስክሪኔ ላይ ተተክያለሁ። በሩ ተከፈተና ገባች። ዘንዶው ጋ ስትደርስ ድንገት ቆመች። ልባችን ቀጥ አለ። ለካስ መታወቂያ ኮፒ የሚያስነሳ ሰው መጥቶባት ነው። አጃቢዎቹ መሬት ላይ ቁጭ ቁጭ ብለው ጠበቋት፣ ዘንዶውም ጠበቃት። ድሮ ቢሆን ዘንዶው ይጨርሳት ነበር። ተመለሰች፣ ተዋጋች፣ አለፈች።

ስመኝ ምንጩ ዳር ደረሰች። ያን ሁሉ አገር ቁልቁል አየችው። እኛ የደስታ ጩኸት እየጠበቅን ነው። ከዚያ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ሰንሰለቱን ማን ይዞልኝ ነው?»

«ፍሬሰንበት ነው» ብሎ መለሰላት ይርጋ።

«ውይ! ምሳ በልቷል? ልውጣለት እንዴ?»

በኋላ ፍሬሰንበት ራሱ እንደነገረኝ፣ በተዘጋው ቢሮው ውስጥ እንባው ፊደሉን ጋርዶበት ነበር። ሲችል «የትም አትወጪ። እኔ አለሁ፣ አርፈሽ እዪ» ብሎ ጻፈላት።

ወገኖቼ፣ እኛ እዚያ ምንጭ ዳር ስንት መቶ ጊዜ ቆመናል። ስንት መቶ ጊዜ ጨፍረናል። አንድ ቀን እንኳ ከአሥራ አንዳችን አንዱ ወደ ኋላ ዞሮ «የያዘችልን ልጅ በልታ ይሆን?» አላለም። እሷ አንድ ጊዜ ብትገባ፣ ዓይኗ ሳይጠግብ፣ መጀመሪያ የጠየቀችው ይህን ነው። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ራሴ የማስበው ተለውጧል። «በርትቼ እዚህ ደረስኩ» ስል ምላሴ ይያዛል።

ሰማያዊ አምባ ዛሬ አለ። ዘበኛው በተራው እረፍት፣ ነርሷ በሻይ ሰዓቷ፣ አንድ ጡረተኛ ደግሞ ከፀሐይ መሞቂያው እየገቡ ይጫወታሉ፤ ሲገናኙም በሩ ላይ ሰላም ይባባላሉ። ይርጋን እግዜር ይስጠው፤ ጨዋታውን ያዳነው የቀድሞውን ክብር በመጠበቅ አይደለም፣ ውጭ የቀረችውን በማየት ነው። ስመኝንም፣ ዘግይተንም ቢሆን፣ እናመሰግናታለን።

ከዚህ የምንማረው ይህ ነው። ሰው ብቻውን ከፍ ብሎ አያውቅም፤ እሱ ሲገባ ውጭ ቆሞ በሩን የያዘለት ሰው አለ። ምስጋና ደግሞ «አመሰግናለሁ» በማለት ብቻ አያልቅም። የያዘልንም ሰው በአቅሙና ባለችው ትርፍ ሰዓት እንዲገባ በሩን ማስፋት፣ ሰንሰለቱንም ተቀብሎ መያዝ ነው። እናንተስ? እናንተ ስትገቡ ውጭ የቀረው ማነው? ስሙን ካስታወሳችሁ ዛሬውኑ ደውሉለት፤ ካላስታወሳችሁም ለሚያስታውስ ሰው ይህን ንገሩት።