ለተቃጠለ ሱቅ የተጻፈ ምስጋና

የወልድያ ልብስ ሰፊዎች ጨርቅ ፍለጋ ወደ ደሴ ሲሳፈሩ እርስ በርስ የሚባባሏት አንዲት አባባል አለች። የተነሳችው ከሐጂ ይመር ሱቅ ደጃፍ ነው።

ሐጂ ይመር ደሴ ላይ ጨርቅ በጅምላም በችርቻሮም የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። አንድ ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ሱቃቸው ተቃጠለ። ደንበኞቻቸው ማዘኑን አዘኑ፤ ግን የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ወቅት እየደረሰ ስለነበር ሁሉም ወደ ሌላ ነጋዴ ዞረ። ሐጂም ቤት ዋሉ። ንግድ እንደበቃቸውና ቦታው እንዲሸጥ ለልጃቸው ለዘሃራ ነገሯት።

ወሬው ወልድያ ለምትኖረው ለእንዳሻሽ ደረሳት። እንዳሻሽ ባሏ የሞተባት፣ በአንዲት የስፌት መኪና ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። ፊደል የቆጠረችው ከጎለመሰች በኋላ ነው። ለሐጂ ደብዳቤ ልትጽፍ ስትቀመጥ፣ ጎረቤቷ ሰፊው አቶ አደፍርስ ሳቀ።

"ጨርቅ የሌለውን ነጋዴ ምን ብለሽ ነው የምታመሰግኚው?"

"ጨርቅ የነበራቸው ጊዜማ ሳላመሰግናቸው ቀረሁ" አለችው።

አደፍርስ፣ ማመልከቻ ጸሐፊ አሳምሮ እንዲጽፍላት ቢመክራትም እሺ አላለችም። ፊደሉ እየተጣመመባት፣ ወረቀት እያበላሸች ጨረሰችና በአውቶቡስ ረዳት እጅ ላከችው።

ዘሃራ ለአባቷ አነበበችላቸው። "ሐጂ፣ ቀለሙ እንዳይለቅ ጨርቁን አስቀድሜ በውሃ ነክሬ እንድሞክር ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ያን ቀን የገዛሁት ለአንድ ቀሚስ የሚሆን ነበር። እርስዎ ግን እንደ ትልቅ ደንበኛ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንደ ሰው የተቆጠርኩት ያን ቀን ነው። እግዜር ይስጥልኝ።"

ሐጂ ወረቀቱን ተቀብለው ያን የተጣመመ ፊደል ራሳቸው ደግመው አነበቡት። ሴትዮዋን አላስታወሷትም፤ ወንበር መስጠታቸውንም ረስተውታል። ልባቸውን የነካውም ይኸው ነበር።

"ለካ ስሸጥ የኖርኩት ጨርቅ ብቻ አልነበረም" አሉ።

በማግስቱ ተነስተው የጨርቅ ፋብሪካ ወዳለበት ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ፤ የጥንት የንግድ ወዳጆቻቸውን አነጋገሩ፤ ገጠር ያሏቸውን ከብቶች ሸጠው እንደገና ጀመሩ።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የዩኒፎርም ጨርቅ ከገበያ ጠፋ። ሐጂ ግን እንደምንም አንድ ጭነት አግኝተው የተቃጠለውን ሱቃቸውን አድሰው ከፈቱ። ከወልድያ ሳይቀር የመጣው ሰፊ ሁሉ በሩን ሞላው። አቶ አደፍርስ ከፊት ቆሟል። ሐጂ በስሟ አጠያይቀው እንዳሻሽን ከኋላ አስጠርተው፣ ከሁሉ አስቀድማ የምትፈልገውን እንድትመርጥ ነገሯት። ጨርቁን በእጇ ስትዳስስ እንባዋ መጣ።

አደፍርስ ቅር አለው። ከእሷ ይልቅ እሱ ብዙ የሚገዛ ደንበኛ መሆኑን ተናገረ። ሐጂ ለእሱም እንደሚደርሰው ነግረው አረጋጉት፤ እሱ ግን ማጉረምረሙን አልተወም። ይህን ጊዜ ደብዳቤውን ሐጂ ያስነበቧቸው አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ትከሻውን ያዝ አደረጉትና፣ "አትቀየም ልጄ፤ ይህን ሱቅ ያስከፈተችው እሷ ናት፤ ያመሰገነ እጅ፣ አያጣም ደጅ" አሉት።