ሾላ በር ትልቁ ሊግ የገባ ጊዜ

በእኛ አገር በሾላ በር ሰው ሁሉ የሚያመላልሳት አንዲት አባባል አለች። ልጅ ከተማ ገብቶ ስም ካወጣ በኋላ የእናቱን ስልክ ማንሳት ሲተው ትባላለች። ባለሱቅ ለአላፊ አግዳሚ ብሎ የዘመን ደንበኛውን ባዶ እጁን ሲመልስ ትባላለች። እንግዳ ሰው ሲሰማት ከአባቶች የወረደች ይመስለዋል። አይደለችም። ስትወለድ እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ ከማን አፍ እንደወጣችም አውቃለሁ። ነገሩን ሳስበው እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል።

ያን ጊዜ የሾላ በር መምህራን ኮሌጅ ተማሪና የእግር ኳስ ቡድኑ አምበል ነበርኩ። ከወንዙ ማዶ፣ በእግር ሁለት ሰዓት ተጉዞ የሚደረስበት፣ የግራር ውሃ እርሻ ኮሌጅ አለ። ሁለታችን ከሌሎች ሁለት ኮሌጆች ጋር ሆነን «የደጋ ዋንጫ» የምንለው ውድድር ነበረን። የአገሩ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ግን አንድ ቀን ነው፤ የአስተርዮ ማርያም ማግስት፣ ሾላ በርና ግራር ውሃ የሚገናኙበት። አንድ ዓመት እነሱ ዘንድ ይሆናል፣ አንድ ዓመት እኛ ዘንድ። ከወዲህና ከወዲያ ያለው ሰው ግማሹ የተጋባ ስለሆነ አማች ከአማቹ፣ እህት ከወንድሟ በተቃራኒ ቆማ ትሳደባለች። ግጥም እንደ ጉድ ይወርዳል፤ ዱላ ግን አይነሳም። ደንብም ነበረው፦ የተሸነፈው ኮሌጅ ዲን የአሸናፊውን ዲን በቅሎ ልጓም ይዞ እስከ ድልድዩ ይሸኛል። ሕዝቡ ከኳሱ ይልቅ ለዚህች ሽኝት ይስቃል።

ዲናችን ዶክተር ዘውገ የሾላ በር ተወላጅ ናቸው። ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። የማደሪያችን ጣሪያ በየክረምቱ ያፈስስ ስለነበር ከቤታቸው ላስቲክ ተሸክመው መጥተው ከእኛ ጋር ቆርቆሮ ላይ ሲወጡ አይቻለሁ። ለአዲስ ማደሪያ ደጅ ያልጠኑበት ቢሮ አልነበረም። መልሱ ሁልጊዜ «በጀት የለም» ነው።

አንድ ጥቅምት ላይ አቶ ናሆም የሚባል ወጣት የቴሌቪዥን ጣቢያ ኃላፊ ከአዲስ አበባ መጣ። ዶክተሩ አምበል ነህና ስማ ብለው እኔንም ቢሮ አስገቡኝ።

«ዶክተር፣ ጣቢያችን ታላቁ የኮሌጆች ሊግ የሚባል ውድድር ሊጀምር ነው» አለ አቶ ናሆም። «ከየአቅጣጫው ስምንት ኮሌጆች መርጠናል። ጨዋታው ሁሉ በቀጥታ ይተላለፋል። እናንተ የደጋውን ተመልካች ታመጡልናላችሁ።»

«ግራር ውሃስ?»

«ከአንድ አካባቢ አንድ ይበቃናል።»

«መልካም። የእኛና የእነሱ ጨዋታ ግን እንዳለ ይቀጥላል አይደል? በዓመት አንዲት ቀን ናት።»

አቶ ናሆም የውሉን ወረቀት ገልብጦ በጣቱ አመለከተ። «በሊጉ ከሌለ ቡድን ጋር መጫወት አይፈቀድም። የምንከፍለው እኛ ብቻ እንድናሳያችሁ ነው። ድልድይ ተሻግሮ በነጻ የሚያያችሁ ካለ እኛ ምን ልንሸጥ ነው?»

ዶክተር ዘውገ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ስበው «ማደሪያውን ያሠራልናል?» አሉ።

«ማደሪያውን ብቻ? የተመልካች መቀመጫም ይኖራችኋል።»

ፈረሙ። እኔ ምን አልኩ ብትሉኝ፣ ምንም። እውነቱን ልናገር፤ በልቤ እስክስታ እየመታሁ ነበር። የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነኝ፤ በቴሌቪዥን ልታይ ነው!

ለግራር ውሃ ማን ይንገር ሲባል ዶክተሩ «እኔው ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አሉ። ሁለት ጊዜ እስከ ድልድዩ ደርሰው እንደተመለሱ የሰማነው ኋላ ነው።

የአስተርዮ ማርያም ማግስት ደረሰ። ተራው የእኛ ነበር። የጣቢያው ሠራተኞች አዲስ ሣር ሊተክሉ ሜዳውን ቆፋፍረው በሩን በሰንሰለት ቆልፈውታል። እኔ ማደሪያ ውስጥ ተኝቼ ሳለ ከሩቅ ከበሮ ሰማሁ።  ስወጣ ከድልድዩ ወዲህ ያለው መንገድ በሰው ቢጫ ሆኗል፤ የግራር ውሃ ማልያ ቢጫ ነው። ዲናቸው አቶ አምባዬ በተሸለመች በቅሎ ተቀምጠው ፊት ፊት ይመጣሉ። እህቴ ይታጠቁም ማዶ ስላገባች የባሏን ማልያ ለብሳ፣ ልጇን አዝላ ከሕዝቡ መሐል አለች። ማንም የነገራቸው አልነበረም።

ዶክተር ዘውገ ከቢሯቸው ወጥተው በሩ ጋ ደረሱ። አቶ አምባዬ ከበቅሏቸው ሳይወርዱ እየሳቁ «ዘውገ፣ ፈርታችሁ ቁልፉን ዋጣችሁት?» አሉ።

«አምባዬ፣ ዛሬ ጨዋታ የለም።»

አቶ አምባዬ ሳቃቸውን አቋርጠው ከበቅሏቸው ወረዱ፤ ባርኔጣቸውንም አወለቁ። «ማን ሞተ?» አሉ በዝግታ።

«ሰው አልሞተም።»

«ሰው ሳይሞት ይህ ቀን ይቀራል እንዴ?»

ዶክተሩ ስለ ሊጉና ስለ ውሉ እየተንተባተቡ አስረዱ። ከሌላ ጋር መጫወት እንደማይፈቀድ ሲናገሩ አቶ አምባዬ «ሌላ?» አሉ።  የከበሮ መቺው እጅ አየር ላይ ቀረ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ሕፃን ሲያለቅስ ብቻ ይሰማ ነበር። እህቴ አጥሩ ጋ መጥታ በሽቦው ቀዳዳ አየችኝና «አንተም ታውቅ ነበር?» አለችኝ።  ዞረው ሲሄዱ የአቶ አምባዬን በቅሎ ልጓም የያዘ አልነበረም። እሳቸውም አልተቀመጡባትም፤ በእግራቸው ሄዱ።

በየካቲት ትልቁ ሊግ ተጀመረ። የመጀመሪያ ጨዋታችን በአውቶቡስ ሁለት ቀን በሚያስኬድ የቆላ ከተማ ነበር። ከሾላ በር ማን ይከተለን? አንድም ሰው አልመጣም። ጨዋታው ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ተደረገ፤ ጣቢያው ክፍት ሆኖ ያገኘው ሰዓት እሱ ነበርና። እኛ የደጋ ልጆች በዚያ ፀሐይ እንደ ቅቤ ቀለጥን። ያም ሆኖ በሁለተኛው አጋማሽ የማዕዘን ምት ተሻገረልንና እኔ በጭንቅላቴ ገጭቼ አገባሁ። እጄን ዘርግቼ ወደ ተመልካቹ ሮጥኩ።

ተመልካች የለም። ሲሚንቶ ብቻ ነው። አንድ ዘበኛ በጃንጥላ ጥላ ሥር ተኝቷል። የቆምኩት ደንግጬ ነው፤ የራሴን ትንፋሽ ሰማሁ።

አገራችን ስንመለስ ሰው አቅፎ አነሳን። ሜዳችንን በኖራ የሚያሰምሩት ሽማግሌ ጋሽ ከልካይ እጄን ይዘው «ሕዝቡ እንዴት ቢወዳችሁ ነው እንዲያ የጮኸላችሁ!» አሉኝ። «ስታዲየሙ የሚናድ መስሎን ነበር።»

«ማን ጮኸ?» አልኩ።

«እንዴ! ስታገባ ነዋ!»

የሚቀልዱ መሰለኝ። እሑድ ጨዋታው በድጋሚ ሲታይ ሻይ ቤት ገብቼ ከሰው መሐል ተቀመጥኩ። ኳሷ መረብ ስትነካ ከቴሌቪዥኑ የአእላፍ ሰው ጩኸት ፈነዳ። ፉጨት አለ፣ ጭብጨባ አለ፣ ዘፈን ሁሉ አለ። ከሌላ ጨዋታ ተቀድቶ የተለጠፈ ድምፅ ነበር። ካሜራው ሜዳውንና የእኔን ፊት እንጂ መቀመጫውን አያሳይም። እዚያ ውስጥ ጥርሴን ገልጬ፣ እጄን ዘርግቼ፣ ማንም ወደሌለበት እሮጣለሁ። ሻይ ቤቱ አጨበጨበ።  አጠገቤ ለተቀመጡት ለጋሽ ከልካይ በጆሯቸው እውነቱን ነገርኳቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሱ «ታዲያ ልጄ፣ ወደ ማን ነው የምትሮጠው?» አሉኝ።

እንዲህ ሆነን ሁለት ዓመት ተጫወትን። በሜዳችን ስንጫወት እንኳ ጣቢያው ሰዓቱን በገበያ ቀን፣ በእኩለ ቀን እያደረገ ሰው ይቀርብን ነበር። ማደሪያው ተጀምሮ ግድግዳው እስከ መስኮት ደረሰ። በሁለተኛው ዓመት ሐምሌ ዶክተሩ ቢሮ ውስጥ የሚመጣውን ዓመት ጉዞ ስናወራ ስልክ ተደወለ። አቶ ናሆም ነው።

«ዶክተር፣ የደጋው ተመልካች እንደጠበቅነው አልሆነም። በእናንተ ቦታ ከሌላ አካባቢ አንድ ኮሌጅ አስገብተናል። ስለነበረን ጊዜ እናመሰግናለን።»

«ምን ማለትህ ነው? ውል አለን እኮ!»

«ውሉ በየዓመቱ የሚታደሰው ጣቢያው ከፈለገ ነው። ተጽፏል፤ ያዩት መስሎኝ።»

«ማደሪያውስ? ግማሽ ላይ ነው፤ ልጆቹ ዝናብ ላይ ናቸው!»

 ዶክተር ዘውገ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ከጆሯቸው አላነሱትም።  ውጭ ዝናቡ ጣሪያ በሌለው ግድግዳ ላይ ይወርዳል።

መስከረም ሲጠባ ዶክተሩ «ግራር ውሃ ሄደን ይቅርታ እንጠይቅ፤ የደጋ ዋንጫችንን እንመልስ» አሉ። ጋሽ ከልካይን ለሽምግልና፣ እኔን ለቡድኑ ይዘው ድልድዩን ተሻገሩ። እኔ በመንገድ ላይ ልቤ ቀላል ነበር። ይቆጡናል፣ ይሰድቡናል፣ ከዚያ እንታረቃለን ብዬ ነበር። ጎረቤት አይደሉ?

አቶ አምባዬ ከሩቅ አይተውን መጡና ሦስታችንንም ጉንጭ ለጉንጭ ሳሙን። ቁጣ የለም። ዶክተሩ ድፍረት አገኙ። «አምባዬ፣ በድያለሁ። ስለ በደሌ ግን ቁጭ ብለን ሳይሆን ሜዳው ላይ ቆመን እንነጋገር። ወደ ሜዳው ውሰደን።»

«ዘውገ» አሉ አቶ አምባዬ፣ «ቆመህበታል።»

ዙሪያችንን አየን። ከእግራችን ሥር ጀምሮ እስከ ባሕር ዛፉ አጥር ድረስ እሸት የያዘ ገብስ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሳል። ግቡ የነበረበትን ቦታ በዓይኔ ፈለግኩ፤ አጣሁት። እዚያ ላይ ስንት ጊዜ ወድቄ እንደተነሳሁ፣ በወንድሞቹ ፊት የእህቴን ባል እንዴት ጠልፌ እንደጣልኩት አስታውሳለሁ፤ ቦታው ግን የት እንደሆነ ማወቅ አቃተኝ። 

«እናንተ ስትወጡ ሌሎቹ ሁለቱ ኮሌጆች፣ ሾላ በር ከሌለ ሰው አይመጣም ብለው ቀሩ» አሉ አቶ አምባዬ። «አንድ ዓመት ሣሩን አጭደን፣ መስመሩን አስምረን ጠበቅናችሁ። በሁለተኛው ዓመት ኮሌጁ ባዶ መሬት አይደር አለ። የእርሻ ኮሌጅ ነን፤ ምን ብዬ ልከራከር?»

«ሲታጨድስ? ኅዳር ላይ ይታጨዳል። ለጥር ይደርሳል» አሉ ዶክተሩ እየተጣደፉ።

«ከማን ጋር ልትጫወቱ? ልጆቼ ተመርቀው ሄዱ። አዲሶቹ ሾላ በርን የሚያውቁት በቴሌቪዥን ነው። እንደ ማንኛውም የሩቅ አገር ቡድን።»

ዶክተር ዘውገ በማሳው ዳር ተቀመጡ። «ለልጆቹ ጣሪያ ፈልጌ ነው አምባዬ። እግዜር ያውቃል፣ ጣሪያ ነው የፈለግኩት።»

«አውቃለሁ» አሉ አቶ አምባዬ፤ አጠገባቸውም ቁጭ ብለው እጃቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። 

ጋሽ ከልካይ ሠላሳ ዓመት ከእኛ ሜዳ ኖራ ይዘው እየመጡ እዚህም መስመር ያሰመሩ ሰው ናቸው። ገብሱ ውስጥ ጥቂት እርምጃ ገብተው ቆሙ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ዶክተሩን ሊሰድቡ እንዳልሆነ ድምፃቸው ያስታውቅ ነበር፤ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ወደ እኛ ዞረው እንዲህ አሉ፦ «የሚያዩት ቢበዙ፣ የሚያውቁትን ሸጠ።»