ከጀምበር ራስ እስከ ማታ ራስ

በአንድ ወቅት፣ ሣር ከእህል እኩል በሚከበርበት በአንድ ደጋ አገር፣ ሰዎች ከንጉሣቸው ይልቅ የጓሳ ዳኛቸውን ይፈሩ ነበር። ምን ያድርጉ? ንጉሥ ሩቅ ነው፣ ጓሳ ግን ደጃቸው ላይ ነው። ጓሳ የሚሉት ያ ረጅም የተራራ ሣር ለቤታቸው ክዳን፣ ለገመዳቸው፣ ለክፉ ቀን የከብት ቀለብ፣ ምን አለፋችሁ፣ ለሁሉ ነገራቸው ነበር። መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚታጨድ የሚወስነው ዳኛው ነው። የዳኝነቱ ምልክት አንድ ዘንግ ሲሆን፣ ያለ ጊዜዋ ሣሩ ውስጥ የገባችን ላም የማስወጣት ሥልጣን ያለውም ያንን ዘንግ የያዘ ሰው ብቻ ነው።

ዳኛ ሲያረጅ ተተኪው በዘመድ ወይም በአፍ ብልጠት አይሾምም፤ በእግሩ ነው የሚሾመው። የጓሳው ወሰን አምስት ተራሮችን በሚያያይዝ ረጅም ሸንተረር ላይ ያልፋል። ጀምበር መጀመሪያ የምትነካውን ጫፍ ጀምበር ራስ፣ መጨረሻ የምትለቀውን ማታ ራስ ይሉታል። ዘንጉን የሚፈልግ ሁሉ ጎህ ሲቀድ ከጀምበር ራስ ይነሣል። ሕጉ ሦስት ነው። አምስቱንም ራስ ይረግጣል፤ ወሰኑን በእግሩ ያላወቀ አይዳኝምና። በመንገድ ላይ ማንም ቢጠራው ፊቱን አያዞርም፤ ዳኛ ለሰው ብሎ ፊቱን ማዞር ከጀመረ ሣሩ አለቀ ማለት ነውና። ጀምበር ሳትጠልቅም በማታ ራስ ላይ ጭስ ያሳያል፤ ከዘገየ ዳኛ ጭራሽ ዳኛ አለመኖሩ ይሻላልና። ጭሱ ካልታየ ጓሳው ለዚያ ዓመት ባለቤት አልባ ነው። የፈለገ ያጭዳል፣ የፈለገ ከብቱን ይለቅበታል።

ይህ ነገር በሆነበት ዓመት ደግሞ ዝናቡ ቀርቶ ነበር። ሜዳው ሁሉ ነጥቷል። ጓሳው ባለቤት ካጣ አንድ ወር እንደማይቆይ፣ ከዚያም ከብቱ እንደሚያልቅ ሁሉም ያውቃል።

በዚያ ዓመት ዳኛው አያ ገብረየስ ጉልበታቸው ከዳቸውና «በቃኝ» አሉ። ዘንጉን ፈልገው የቀረቡት ሦስት ሰዎች ነበሩ።

አንደኛዋ የገዛ ልጃቸው እንጉዳይ ናት። እንጉዳይ መቀመጥ የማያውቅ እግር ነበራት። ድግስ ተጠርታ ቆማ ትበላለች፣ ለቅሶ ደርሳ ከሰው በፊት ብድግ ትላለች። ሁለት ጊዜ አግብታ ሁለት ጊዜ ፈታለች፤ ባሎቿ ክፉዎች ሆነው አይደለም፣ ቤቱ እየጠበባት ነው። ትንፋሿ የሚመለሰው አባቷን ተከትላ በዚያ ሸንተረር ላይ ስትሄድ ብቻ ነበር። ዘንጉ ለሌላ ሰው ከሄደ ግን በሸንተረሩ ላይ ምንም ሥራ የላትም። ያንን ባሰበች ቁጥር ተነሥታ ትንቆራጠጣለች። አያ ገብረየስ ስሟን ስታስመዘግብ ሰምተው «ልጄ ናት ብዬ አልሰጣት፣ ሴት ናት ብዬ አልከለክላት» አሉ።

ሁለተኛው ጓንጉል ነው፤ አፉም እግሩም ፈጣን የሆነ ቀጭን ሰው። ሦስተኛው ይርዳው ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ እርምጃው ረጋ ያለ፣ ቃሉ ጥቂት። ሁለቱ አይነጋገሩም ነበር። ጓንጉል በአንድ ሠርግ ላይ «ይርዳውና በሬው አብረው ሲሄዱ ማን ማንን እንደሚነዳ አይታወቅም» ብሎ ሕዝቡን ስላሳቀበት፣ ይርዳው ከዚያ ወዲህ ሰላምታም ነፍጎት ነበር።

ጎህ ሲቀድ ከጀምበር ራስ ተነሡ።

«እንጉዳይ እህቴ፣ ማታ ራስ ላይ እሳት እየሞቅሁ እጠብቅሻለሁ» አለ ጓንጉል።

«መጀመሪያ ድረስና ትሞቃለህ» አለችው።

እርሱ ሳቀና ተፈተለከ። ከኋላው እንጉዳይ፣ ከእርሷም ኋላ ይርዳው። በዚያ አገር ሥርዓት የቀደመ ሰው፣ ባላንጣም ቢሆን፣ በየወሰኑ የድንጋይ ክምር ላይ አንድ እፍኝ ጓሳ ቋጥሮ ጫፉን ወደ መንገዱ አዙሮ ያልፋል፤ የሚከተለው እንዳይስት ነው። ጓንጉል ለፉከራ ቢቸኩልም ይህን አላስቀረም። እንጉዳይ ቋጠሮውን ባየች ቁጥር ርቀቱን ትገምታለች። በሁለተኛው ራስ ላይ ጓሳው ገና ከእጁ ሙቀት ያልበረደ መሰላት። እግሯን አፋጠነች። ሦስተኛውን ራስ ስትረግጥ ግን ጭጋግ መጣ፤ በዚያ ላይ እንዴት ያለ ጭጋግ! የራሷን እግር ለማየት መጎንበስ ነበረባት።

ከሦስተኛው ራስ በታች መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። እንጉዳይ በዳበሳ መገንጠያው ላይ ደርሳ በግራ በኩል ክምር ድንጋይ አገኘች፤ ላዩ ላይ የጓንጉል ቋጠሮ አለ። ወደ ግራ ልትታጠፍ ብላ እግሯ አልታዘዝ አላት። በዚያ ሸንተረር ላይ ነፋሱ ምንጊዜም ቀኝ ጉንጭን ነው የሚመታ፤ ወደ ግራ ስትዞር ግን ጀርባዋን መታት። ጎንበስ ብላ ክምሩን ዳሰሰች። የወሰን ድንጋይ በሁለት እጅ የሚነሣ ነው። ይህ ግን ጡጫ የሚያህል፣ ድቡልቡል፣ የተመረጠ ድንጋይ ነው። የወንጭፍ ድንጋይ! ጭላዳ ዝንጀሮ ከገብሳቸው የሚያባርሩ ጠባቂዎች ለውርወራ ያከማቹት ነው። ጓንጉል በጥድፊያ ወሰን መስሎት ቋጥሮበት ወርዷል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? የዚያ የግራ መንገድ መጨረሻ ደግሞ ገደል ነው።

ቋጠሮውን ነቅላ በስተቀኝ ካለው ከእውነተኛው የወሰን ክምር ላይ አኖረችው። ይህን ስታደርግ ከታች ድንጋይ ሲንከባለል ሰማች፤ ቀጥሎም ድምፅ።

«ኧረ የሰው ያለህ!»

ፊቷ ወደ አራተኛው ራስ ነበር። አላዞረችውም። አንድ እርምጃም አልሄደችም። መሄድ እንደምትችል ታውቃለች፤ መንገዱን ዐይኗን ጨፍና ታገኘዋለች፣ ከፊቷ ማንም የለም፣ ዘንጉ በእጇ እንደገባ ይቆጠራል። ደስታው ልቧን ሞቅ ሲያደርጋት ደነገጠች፤ በራሷም አፈረች።

ይርዳው እያለከለከ ደረሰ።

«ምንድን ነው?»

«ጓንጉል ነው። የዝንጀሮ ጠባቂዎችን ክምር ወሰን መስሎት ወርዶ ገደሉ አፍ ላይ ነው ያለው።»

ይርዳው ወደ ድምፁ ጆሮውን ጣለ። «እንግዲህ እወርዳለሁ» አለ።

«ለጠራህ ፊትህን ካዞርክ ከዘንጉ ወጣህ እኮ ይርዳው!»

«ሰው የሞተበትን ሣር ከብቴ አይበላም።» ጋቢውን ፈታ። «አንቺ ግን ከዚህ እንዳትነቃነቂ። ዝም ሳትይ ተጣሪ። ድምፅሽ ከጀርባዬ እስካለ ገደሉ ከፊቴ ነው፤ ድምፅሽን ካጣሁ ሁለት ሬሳ ነው የምትለቅሙ።»

ጭጋጉ ዋጠው። እንጉዳይም ፊቷን ወደ አራተኛው ራስ እንዳደረገች ድምፅዋን ወደ ኋላ ላከች። «እዚህ ነኝ! እዚህ ነኝ!» ለሌላ ሰው ይህ ቀላል ነው፤ ለእርሷ ግን መቆም ከዳገት ይከብዳል። የእግሯ ጣቶች መሬቱን ይቆፍራሉ። ጭጋጉ ከላይ እየነጣ ወደ ቢጫ ሲለወጥ ጀምበር እያዘቀዘቀች እንደሆነ ገባት። ጉሮሮዋ ሻከረ። «እዚህ ነኝ!» እያለች በልቧ «ሂጂ፣ ሂጂ» ትላለች። አልሄደችም።

ከታች የሆነውን የሰማችው በኋላ ነው። ጓንጉል ከገደሉ አፍ ዝቅ ብላ በወጣች ጠባብ ድንጋይ ላይ ወድቆ እንደ ተለጠፈ ቆሞ ነበር። ይርዳው በሆዱ ተኝቶ ጋቢውን ጣለለትና ጎተተው። ሲወጣ የይርዳው ትከሻ ወለቀ። ጓንጉል አፈር እንደ ለበሰ ተንበርክኮ፣ «ይርዳው፣ ያ የሠርጉ ነገር...» ቢለው፣ «ዝም ብለህ ሂድ፤ ጀምበር እየሄደች ነው» አለው።

«ወጥቷል!» የሚለው የይርዳው ድምፅ ለእንጉዳይ ሲደርሳት ጭጋጉ ተገፈፈ። ያየችው ነገር ግን አላስደሰታትም። ጀምበሯ ማታ ራስን ልትነካ ምንም አልቀራትም። በሸንተረሩ፣ በአራተኛው ራስ በኩል ከተሄደ፣ ክንፍ ያለው እንኳ ቀን ሳለ አይደርስም። ከታች፣ ጓንጉል ከቆመበት ግን፣ በአራተኛው ራስ እግር ሥር የሚያልፍ የከብት መንገድ አለ። እርሱም አይቶታል።

«በከብት መንገድ ልትሄድ ነው?» ብላ ጮኸች። ድምፅዋ ተሰነጣጥቆ ነበር።

«ሌላ ምን አለ?»

«አራተኛውን ሳትረግጥ? በሕግ አምላክ! በሕግ አምላክ ቁም!»

በሕግ አምላክ ከተባለ የሸሸ ሌባ እንኳ ይቆማል። ጓንጉል ቆመ። ግን ወደ እርሷ አልዞረም። «ሕጉ ይሰበርና ሣሩ ይትረፍ» አለና ነጎደ።

እንጉዳይ በሸንተረሩ ሮጠች። አራተኛውን ራስ ረገጠች። ማታ ራስ እግር ላይ ስትደርስ ጀምበር ገና ጭል ጭል ትላለች፤ ዳገቱን አጋምሳ ቀና ስትል ግን ሄዳለች። ከአናቱ ላይ ጭሱ ወፍራም ሆኖ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጀምበር ሳለች ነው የተነሣው። ከሸለቆው እልልታ ተሰማ። ከብቱ ተረፈ። ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ አንጀቷ በንዴት አረረ፤ ሁለቱ አንድ ላይ መጥተውባት ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ከዚያ ዐይኗን ጠርጋ አምስተኛውን ራስ ረገጠች። ጓንጉል እሳቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ እየሞቀ አልነበረም።

በማግሥቱ አገሩ ሁሉ ከማታ ራስ ሥር ተሰበሰበ። ከብቶቹም ከሣሩ ዳር ተሰልፈዋል፤ ባለቤቶቻቸው ጓሳው መዘጋቱን ከአዲሱ ዳኛ አፍ ሊሰሙ ነው የመጡት። አያ ገብረየስ ዘንጉን መካከል ላይ ተከሉና ሦስቱን «ተናገሩ» አሏቸው።

ጓንጉል እንደ ወትሮው አልፎከረም። «ጭሱን ያሳየሁት እኔ ነኝ። አንድ ራስ ቀርቶብኛል፤ አልክድም። ጭሱ ባይነሣ ግን ዛሬ የምንከራከርበት ሣር አልነበረም» አለ።

ይርዳው ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ተነሣ። «ሣር የሚጠብቅ አስቀድሞ ሰው ይጠብቅ» ብሎ ተቀመጠ።

እንጉዳይ ድምፅዋ ስላልተመለሰ ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። «አምስቱንም የረገጥኩ እኔ ብቻ ነኝ። ፊቴንም አላዞርኩም። የዘገየሁት ስለቆምኩ ነው። ባልቆም ይርዳውም ጓንጉልም ገደል ገብተው ጭሱን ብቻዬን በጊዜ አሳይ ነበር። ይህን ታውቃላችሁ።»

ጉባኤው ታመሰ። አንዱ «ዛሬ የከብት መንገድ የወደደ ነገ የዘመድ መንገድ ይወዳል፤ የተሳሳተው ቋጠሮስ የማን ነበር?» ይላል። ሌላው «ባላንጣውን ያዳነ ለማን ሊያደላ ነው? ፊት ማዞር የተከለከለው ለአድልዎ እንጂ ለነፍስ ነው እንዴ?» ይላል። ሦስተኛው «ታዲያ ነገ የተራበ ሁሉ ኧረ የሰው ያለህ ባለ ቁጥር ጓሳውን ሊከፍትልን ነው?» ብሎ ይመልስለታል። አንዲት ባልቴት «ፊቷን ባታዞርም ድምፅዋን አዙራለች፤ ድምፅ ፊት አይደለም ያለው ማን ነው?» አሉ። ሌላዋ «ቢሆንስ፣ በዘገየ ዳኛ ስንት ሣር ይበላል?» አሉ። አያ ገብረየስ መሬት መሬት ያያሉ። ልጃቸውን አንድ ጊዜም ቀና ብለው አላዩም፤ እርሷም ይህን አየች፣ ጨከኑብኝ ብላም አዘነች።

ክርክሩ ሲጦፍ አንዲት ቀይ ላም ከሰልፉ ወጥታ ሣሩ ውስጥ ገባች። ባለቤቷ እዚያው ቆሟል፤ ዘንጉን ያልያዘ ግን ላም አያስወጣም። ራሷን ደፍታ ትግጥ ጀመር። ከኋላዋ ሌሎቹ አንገታቸውን እያሰገጉ ነው። እንጉዳይ ተነሣች፣ ጓንጉል ተነሣ፣ ይርዳውም ደህናውን እጁን ተደግፎ ተነሣ። ሦስቱም ዘንጉን ከበው ቆመዋል፤ ሳይፈቀድለት የሚነቅለው ግን የለም።

እናንተ የሰማችሁ፣ ላሟ እየበላች ነውና አትዘግዩ። ዘንጉን ማን ይንቀል?