የሳር ቆጣሪው ዝንጀሮ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ማለቱን ለዛሬ ተዉትና ጆሯችሁን ስጡኝ።

የአያ አንበሶ ሳር ቤት ጣሪያው ቢያፈስ፣ ድንቢጥና አይጥ እንዲጠግኑት ታዘዙ። ማን እንደሠራ፣ ማን እንደለገመ እንዲለይም ዝንጀሮ ሳር ቆጣሪ ሆኖ ተሾመ። እሱም ያንን ቀይ ቂጡን ደልድሎ ከጣሪያው ሥር ተጎለተ።

አይጥ በአሮጌው ሳር ላይ አዲሱን ይከምር ጀመር። ድንቢጥ ግን የሚያፈስበትን ቦታ እየፈለገች የበሰበሰውን መንቀል ያዘች።

ሥራ ሲያበቃ ዝንጀሮ «ስንት ሳር ጨመርሽ?» አላት።

«ሦስት። የበሰበሰ ሁለት መቶ ነቅዬ ጣልኩ፤ በእኔ በኩል ማፍሰሱ ቆሟል።»

«ስለ ማፍሰስ ማን ጠየቀሽ? መቶ ዘጠና ሰባት ጎድሎብሻል!»

አይጥ «ጎበዝ!» ተብሎ ተሸለመ። ድንቢጥ ከጣሪያው ጥግ የሠራችውን ጎጆ እንኳ ሳታነሳ ተባረረች፤ ዛፍ ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

በሳምንቱ ጣሪያው የተከመረበት ሳር ከብዶት፣ ቆጠራ ላይ ባለው ዝንጀሮ ላይ ተደረመሰ።

«ድንቢጥዬ፣ በሞቴ፣ ይህን ሳር አንሺልኝ!» ብሎ ጮኸ።

ድንቢጥ ከዛፏ ላይ ቁልቁል አየችው።

«አያ ዝንጀሮ፣ ሁሉንም ባነሳው ስንት ይጎድልብኛል?»

ተረቴን መልሱ፤ ቃሉን ግን እንዳትቆጥሩብኝ።