ሦስተኛዋ ብልቃጥ

በአንድ ወቅት፣ ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ፣ ደብሪቱ የምትባል የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ ነበረች። ሲያመሰግኗት እንኳ የምትገባበት የሚጠፋት ዓይን አፋር ናት። የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሟ ውስጥ መኖሩን ካወቀች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ሰው እንዳያውቅባት መድኃኒቷን የምታመጣው ሁለት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዛ ከሌላ ከተማ ነው፤ ክኒኖቹ ቦርሳዋ ውስጥ እንዳይንኮሻኮሹም ጠርሙሱን በጥጥ ትጠቀጥቀዋለች።

በዚያው ሆስፒታል ጋሽ ኩምሳ የሚባሉ ጡረተኛ ሹፌር ተኝተዋል። እሳቸው ይህንኑ ሕመም ደብቀው አያውቁም። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይውጣሉ፤ ደማቸው ሲመረመር ግን መድኃኒቱ እምብዛም አይገኝም።

«አባባ፣ እየጣሉት ነው አይደል?» ይሏቸዋል ተረኛ ነርሶቹ።

«ምላሴን አንሥቼ ላሳያችሁ?» ይላሉ።

ልጃቸው እንኳ አላመነቻቸውም። «አባዬ፣ መኖር ካልፈለግህ ንገረኝ» ብላ እንደወጣች አልተመለሰችም።

ዶክተር መርዕድ ግን ሌላ ነገር ጠረጠሩ። በአንጀት ግድግዳ ላይ መድኃኒትን የሚያስገቡና መልሰው የሚያስወጡ፣ እንደ በረኛ የሚሠሩ ፕሮቲኖች አሉ፤ ቫይረሱ እነዚህን በረኞች ለውጧቸው ቢሆንስ? ለማወቅ ከሦስት ሕሙማንና ከሦስት ጤነኞች የሩዝ ፍሬ የምታህል የአንጀት ቁራጭ ወስዶ፣ በየብልቃጡ አድርጎ ማነጻጸር ያስፈልግ ነበር። ሦስተኛ ጤነኛ ጠፋ።

«ደብሪቱ እያለች!» አለ አንዱ ባልደረባዋ። «ጉንፋን እንኳ የማይደፍራት!»

ሁሉም ሳቁ። እምቢ ብትል «ለምን?» መባሏ አይቀርም። አብራ ሳቀችና ተስማማች። የፈቃደኞቹን ደም የምትመረምረው ራሷ ነበረች፤ በራሷ ቁጥር ትይዩ «ነጻ» ብላ ስትጽፍ ለአፍታ እንኳ አላመነታችም። በኋላ ከሁሉ በላይ ያሳፈራት ይኸው ነበር።

ውጤቱ ሲወጣ የሁለቱ ጤነኞች በረኞች ከሕሙማኑ ተለዩ። የሦስተኛዋ ጤነኛ ብልቃጥ በረኞች ግን ቁርጥ የሕሙማኑን መሰሉ።

ሲስተር እልፌ ምክንያቱን ታውቅ ነበር። ወደዚህ ሆስፒታል ከመዛወሯ በፊት፣ በዚያች በሩቋ ከተማ ለደብሪቱ መድኃኒት ስትሰጥ የኖረችው እሷ ናት። የታማሚን ምስጢር ላታወጣ ምላለችና ለማንም አልተናገረችም። ኮሪደር ላይ ደብሪቱን አግኝታ ብቻ «እህቴ፣ የኔ አፍ ተዘግቷል፤ ያንቺ ግን ክፍት ነው» አለቻት።

ዶክተር መርዕድም ገመቱ። ወረቀቱን ይዘው እስከ ላቦራቶሪው በር መጡ፤ አንገቷን ደፍታ ስትሠራ ሲያዩ ግን «እንዴት ላሳፍራት?» ብለው ተመለሱ። ብልቃጧን ከጥናቱ ቢያወጧት ለምን እንዳወጧት መጻፍ ሊኖርባቸው ነው። ስለዚህ ተዋትና «በሕሙማንና በጤነኞች መካከል ግልጽ ልዩነት አልታየም» ብለው ፋይሉን ዘጉ። የጋሽ ኩምሳ መድኃኒት ሳይለወጥ ቀረ።

ደብሪቱስ? አራት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት «ዛሬ እናገራለሁ» እያለች ትገባለች፤ ማታ ጥጧን ጠቅጥቃ ትወጣለች። ጋሽ ኩምሳ ከአልጋ መነሣት ያቃታቸው ቀን ግን ዶክተሩ ቢሮ ገብታ፣ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ፣ ሁሉንም ተናገረች። የመድኃኒቱ መጠን በዚያው ዕለት ተለወጠ። የሽማግሌው ሰውነት ግን አልቆ ነበር።

ዶክተሩ፣ ሲስተር እልፌና ደብሪቱ፣ ሦስቱም አልጋቸው ዘንድ መጡ፤ ያደረጉትንም በየተራ ነገሯቸው። ጋሽ ኩምሳ ሰምተው ሲጨርሱ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እንግዲያ እውጥ ነበር ማለት ነው?»

«አዎ አባባ» አለች ደብሪቱ። «ይውጡ ነበር።»

«ለልጄ ንገሩልኝ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ይቅርታ ፈልጋችሁ ነው የመጣችሁት። ለሦስት የሚበቃ አቅም የለኝም። ለአንዳችሁ እሰጣለሁ፤ ለማን እንደሚገባ ተነጋገሩና ንገሩኝ።»

ሲስተር እልፌ ዶክተሩን አየች። ዶክተሩ ደብሪቱን አዩ። ደብሪቱ «ለእኔ» ማለት አፈረች፤ «ለእነሱ» ማለትም አልሆነላትም። አንዳቸውም ቃል ሳያወጡ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ዳግመኛም አልገለጡትም።

እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ። መሐላዋን ለጠበቀችው ነው? ሰው ላለማሳፈር ብለው ከበር ለተመለሱት? ወይስ ዋሽታ፣ ዘግይታም ቢሆን፣ ለተናገረችው? ያቺ አንዲት ይቅርታ ለማን ትገባ ነበር?